አምስት መቶ ፈረስና አንድ ግራ እግር

አጎቴ ሜርል አምስት መቶ ፈረስ አለኝ ይላል። ፈረሶቹ የሚኖሩት ባለ ሁለት በሯ አረንጓዴ መኪና ኮፈን ስር ነው፤ የሞተር ጉልበት የሚቆጠረው በፈረስ ነውና። ያያቸው ሰው የለም። የሰማቸው ግን ከተማው በሙሉ ነው፤ ሜርል ስለ ፈረሶቹ ሳያወራ ቋሊማ በዳቦ እንኳ አያዝም። እኔ ልጅ ሳለሁ ሦስት መቶ ሃምሳ ነበሩ። ሁለተኛ ደረጃ ስገባ አራት መቶ ሃያ ደረሱ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሞተሩ ላይ የተጨመረ ነገር ቢኖር አንድ የሚያብረቀርቅ የአየር ማጣሪያ ክዳንና የኋላ መስታወቱ ላይ የተለጠፈ የእሽቅድምድም ምልክት ነው። ፈረሶቹ ጨለማ ውስጥ ይዋለዳሉ መሰለኝ።

እሱ ብቻውን ቢሆን ዝም እል ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ጧት ጋራዡ ውስጥ ታጣፊ ወንበር ዘርግተው ቢራቸውን የሚጠጡት ሁለቱ ጓደኞቹም ያው ናቸው። ግሌን ከፋብሪካው የቀለም ክፍል ጡረታ የወጣ ረጅም ሰው ነው፤ ድምፁ ከቁመቱ ይረዝማል፤ አምስት መቶ ሃምሳ ፈረስ አለው። ሎይድ አጭርና ዝምተኛ ነው፤ ስድስት መቶ አለው፤ ቁጥሩን ሲጠራ ግን ወደ ጫማው እያየ ነው። በሦስቱ መካከል ማንም ያልጻፈው ውል አለ፦ የእኔን ካልቆጠርክ የአንተን አልቆጥርም። በየበጋው አንድ ድርጅት የመኪና ጉልበት የሚለካ ማሽን በጭነት መኪና አምጥቶ የቤተክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ያቆማል፤ መኪናህን ታወጣበታለህ፣ ጎማው ይሽከረከራል፣ እውነተኛው ቁጥር በድምፅ ማጉያ ይነገራል። በዚያ ቀን ሦስቱም ዓሣ ለማጥመድ ወደ ሰሜን ይሄዳሉ። በሚሺጋን ዓሣ የሚነክሰው በዚያ ቀን ብቻ ይመስል።

አሁን ዋናውን ነገር ልናገር። መኪናዋ የሜርል አይደለችም። የሚስቱ የአክስቴ የአርዲስ ናት።

አርዲስ መኪናዋን የገዛችው ገና ልጃገረድ ሳለች ነው፤ ፋብሪካው ውስጥ የመኪና ወንበር ትሰፋ ነበር፤ በራሷ ደሞዝ ገዛች። ሜርልን ያወቀችው ከዚያ በኋላ ነው፦ መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶባት ቆማ ሳለ ልርዳሽ ብሎ መጣ፤ ክሪኩን ያለቦታው ደግፎ የመኪናዋን ጎን አጎደጎደው። ለምን እንዳገባችው እኔን አትጠይቁኝ። ከተጋቡ በኋላ መጀመሪያ «መኪናሽ» ይል ነበር፤ ቀጥሎ «መኪናችን»፤ እኔ ስወለድ «መኪናዬ» ላይ ደርሶ ነበር።

አርዲስ ግን መንዳቷን አልተወችም ነበር፤ ያስተዋት ሜርል የገጠመው የእሽቅድምድም ፍሪሲዮን ነው። ፍሪሲዮን ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያጋባና የሚያፋታ ዕቃ ነው። ፔዳሉን ስትረግጥ ይፋታሉ፤ ስትለቅ ይጋባሉ። ደህናው ፍሪሲዮን ቀስ አድርጎ፣ አስማምቶ ያጋባል። የእሽቅድምድሙ ግን ጠለፋ ነው፤ ፔዳሉም የጎረቤት በር ገፍተህ እንደ መክፈት ይከብዳል። በዚያ ላይ ግሌን መክሮት ቮላኖውን በቀላል የአሉሚኒየም አስቀየረው። ቮላኖ ከሞተሩ ጀርባ የሚሽከረከረው ክብ ብረት ነው፤ ከባድ ሲሆን ሞተሩን ትዕግሥተኛ ያደርገዋል፣ እግርህ ትንሽ ቢሳሳት ይቅር ይልሃል። ቀላሉ ቶሎ ያስጮኸዋል፣ ቶሎም ይገድለዋል። ለውድድር ሜዳ ጥሩ ነው። በየቀይ መብራቱ ለሚቆም ሰው መከራ ነው።

አርዲስ ያንን ይዛ አንድ ቀን ወጣች። ባንኩ አጠገብ ካለው መብራት ላይ መኪናዋ እንደ ደነበረ በቅሎ ሦስት ጊዜ ዘላ ጠፋች። ብታስነሳት ዘላ ጠፋች። ከኋላዋ የቆመው ግሌን ነበር። ያን በጋ ሙሉ ግሌን የሄደበት ሁሉ አርዲስ እንዴት እንደዘለለች እያሳየ ወንበሩ ላይ ይፈናጠር ነበር፤ ሜርልም አብሮ ይስቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ መሪውን ነክታው አታውቅም።

እኔ ኬልሲ እባላለሁ፤ የሜርል የእህቱ ልጅ ነኝ። ከእህል መደብሩ ጀርባ አንዲት ጠባብ ጋራዥ ተከራይቼ መኪና እጠግናለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ የሣር ማጨጃ ሞተር ፈትቼ፣ ገጥሜ፣ የተረፉትን ቡሎኖች እያየሁ እያፈርኩ ተማርኩ። አሁን አይተርፉም። ከተማው መኪናውን ወደ እኔ ያመጣል፤ የሜርል ጓደኞች ግን ስናገር እስክጨርስ ይጠብቁና እኔ ያልኩትን እንደ ራሳቸው አድርገው ለሜርል ይነግሩታል፤ ያኔ ሐሳብ ይሆናል።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ጀመረ። ነዳጅ ስትሰጠው ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ ግን እያሰበችበት ትቀራለች። ሜርል ተደሰተ። ፊቱ በርቶ፣ ጉልበቱ በዛና ፍሪሲዮኑ አልችል አለ ብሎ ለየሰው ተናገረ። እውነቱ ሌላ ነው። ሜርል ሞተር አስነስቶ፣ ካምቢዮ አስገብቶ፣ ግራ እግሩን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ በመስኮት ወሬ የሚያወራ ሰው ነው። ፍሪሲዮኑን የጨረሰው ወሬ ነው። ይህንን ነገርኩት። ግሌን አቋርጦኝ «ጉልበት ነው፣ ጉልበት ነው» አለ፤ ቢራ ተከፈተ።

በዚያው ሳምንት አርዲስ ወጥ ቤት ውስጥ ለሰላጣ ድንች እየላጠች ሳለ በነሐሴው የመኪና ሽርሽር መኪናዋን የምነዳው እኔ ነኝ አለችኝ። ቢላዋውን አላቆመችም። ግራ እግሯ ከታመመ ቆይቷል፤ መስከረም ላይ በቀዶ ሕክምና ትታከማለች፤ ሐኪሙ ከዚያ በኋላ ምን ያህል እንደሚታጠፍ ቃል አልገባላትም። ስለዚህ ወይ ዘንድሮ ነው ወይ መቼም አይደለም። የሽርሽሩ ዕለት አሮጌ መኪና ያለው ሁሉ በዋናው ጎዳና ላይ ከጧት እስከ ማታ በእግረኛ ፍጥነት ይሄዳል፤ ሕዝቡ ዳር ዳሩን ወንበር ዘርግቶ ያያል። ባንኩ አጠገብ ያለው መብራትም እዚያው ነው።

አጎቴ ያውቃል ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

«ነግሬዋለሁ። እናያለን አለ» አለችኝ።

ሜርል እናያለን ካለ እምቢ ማለቱ ነው። ስለዚህ የራሴን ብልሃት አቀረብኩላት፤ በብልሃቴ ደግሞ ኮርቼ ነበር። ትልቁን ፍሪሲዮን ይዘዝ፣ የዕቃውን ሣጥን አሳየዋለሁ፣ መኪናዋ ላይ ግን ለስላሳውን እገጥማለሁ፤ ዕድሜ ልኩን ቢነዳው ልዩነቱን አያውቅም አልኳት።

አርዲስ ድንቹን አስቀመጠች። «አያውቅም፤ እውነትሽን ነው። ግን የገዛኋትን መኪና ተደብቄ ልንዳ? ከዚያ ደግሞ ያንን አውሬ ሚስቴም ትነዳዋለች እያለ ሲፎክርብኝ ሊኖር ነው። አልፈልግም፣ የኔ ልጅ። በውሸት ከሆነ ይቅር።»

ኩራቴን ይዤ ወጣሁ።

ቅዳሜ ጧት የአዲሱ ፍሪሲዮን ምርጫ ተጀመረ። ከሠርግ በፊት ስለ ጥሎሽ የሚነጋገሩ ሽማግሌዎችን ያየ ሰው የዚያን ቀኑን ጋራዥ አይቷል። ግሌን የሚፋተገው ሸራው ከመዳብ የሆነ፣ ጥፍር ያለው፣ በተወዳዳሪዎች የሚገጠም ይሁን አለ። ሎይድ ወደ ጫማው እያየ ሸራ የሚለበጥበት ሳህን ሁለት ያለው፣ ባለ ሁለት ሳህኑ ይሻላል አለ። ግሌን ባለ ሁለቱ ለስድስት መቶ ነው፣ ለሜርል ይበዛል አለ፤ ሜርል ተቀየመ፤ አምስት መቶውም ዝቅ አድርጌ ስናገር ነው አለ። ቮላኖው ላይ ሦስቱም ተስማሙ፦ ከበፊቱም የቀለለ ይሁን። ይህች መኪና እሑድ እሑድ አይስክሬም ቤት ደርሳ ትመለሳለች፤ በክረምት ብርድ ልብስ ለብሳ ትተኛለች። ይህን አልኩ። ሜርል መኪና ለዕለት ሳይሆን ለሚችለው ነው የሚሠራው ብሎ መለሰልኝ፤ ሁለቱ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። ምን ማለት እንደሆነ ሳልጠይቅ አለፍኩ።

ያልታሰበው ማን ነበር? ፔዳሉን የሚረግጠው እግር። ሸራ ተመረጠ፣ ብረት ተመረጠ፣ የቡሎን ዓይነት ሁሉ ተነሳ፤ ማን ይነዳዋል ያለ የለም።

ከዚያ ሜርል ቴነሲ የሚገኝ የዕቃ ሻጭ ጋ ደወለ። ጆሮው ስለደከመ ስልኩን በድምፅ ማጉያ የመሣሪያ ሣጥኑ ላይ አስቀመጠው። ሻጩ ድምፁ ለስላሳ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበር። የመኪናዋን ዓመት ጠየቀ፣ የሞተሩን መጠን ጠየቀ፤ ሜርል በትክክል መለሰ። ከዚያ የማይቀረው መጣ።

«ጌታዬ፣ ሞተርዎ ስንት ፈረስ ያወጣል?»

ሜርል ጓደኞቹን አየ። ጓደኞቹ እሱን አዩት። ብቻውን ቢሆን ምን ይል እንደነበር አላውቅም። እዚያ ግን አንድ መልስ ብቻ ነበር የሚፈቀድለት።

«አምስት መቶ ሃያ» አለ።

ሃያዎቹ የተወለዱት እዚያው ነው።

ሻጩ ስለ ጎማው ጠየቀ። ሜርል የጎማውን ስፋት ነገረው። ሻጩ ያን ያህል ጉልበት በዚያ ጠባብ ጎማ መሬት እንዴት እንደሚይዝለት በትሕትና ጠየቀ። ሜርል በእግር አጠቃቀም ነው አለ። ግሌን «በእግር ነው» ብሎ አጸና። እንግዲህ በዚህ ጉልበት ከሆነ፣ አለ ሻጩ፣ የምሰጥዎ ባለ ሁለት ሳህኑን ከቀላል ቮላኖ ጋር ነው፤ ግን ልንገርዎ፣ ፔዳሉ ጠንካራ ነው፣ በትራፊክ ውስጥ ያስቸግራል።

«ነጂው እርስዎ ብቻ ነዎት?» ብሎ ጠየቀ።

ሜርል አዎ ለማለት አፉን ከፈተ። «አይደለም» የሚለው ድምፅ የመጣው ከወጥ ቤቱ በር ነው። አርዲስ ነበረች፤ የእጅ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋለች። መቼ እንደመጣች አላየሁም። በግራ እግሯ እያነከሰች ሁለቱን ደረጃ ወርዳ፣ በግሌን ወንበርና በሎይድ ወንበር መካከል አልፋ ስልኩ አጠገብ ቆመች።

«ሰላም፣ የኔ ልጅ። አርዲስ እባላለሁ። መኪናዋ የኔ ናት።»

«ሰላም፣ እትዬ» አለ ሻጩ።

«ሞተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ እንደነበረው ነው። አልተነካም። ያኔ ሦስት መቶ ይሉት ነበር፤ አሁን ደግሞ እንደኔው አርጅቷል፤ ሁለት መቶ ሃምሳ በለው። የምነዳው ከተማ ውስጥ ነው፣ ቀስ ብዬ፣ እየቆምኩ። ግራ እግሬን ያመኛል። እኔ ልረግጠው የምችለውን ንገረኝ።»

ጋራዡ ውስጥ ቢራ እንኳ አልተጠጣም። ሜርል ከአንገቱ ጀምሮ እስከ ራሰ በራው ቀላ። እኔ የግሌንን ሳቅ ጠበቅኩ፤ የባንኩን መብራት ዓይነት ሳቅ። አልመጣም። ግሌን የቢራ ጣሳውን ጽሑፍ ያነብ ነበር። ሎይድ ጫማው ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረውም። ያኔ ነው የገባኝ፦ ሁለት መቶ ሃምሳ የሚለው ቃል እዚያ ክፍል ውስጥ የመታው ሜርልን ብቻ አይደለም። የአንዱ ፈረሶች ሲቆጠሩ የሌላውም እንደሚቆጠሩ ያውቃሉ።

ሻጩ ብቻ ነበር የተገላገለ የሚመስለው። አንድ ሳህን፣ ለስላሳ ሸራ፣ ሲጋባ የሚያለዝቡ ሞላዎች ያሉት፣ ከከባድ የብረት ቮላኖ ጋር ልስጥዎ፤ እናቴም ትረግጠዋለች፣ ያለዎትን ጉልበት በሙሉ ይይዛል፣ ይተርፈዋልም አላት። አርዲስ ቀና ብላ አየችኝ። ልክ ነው አልኳት።

«የአየር ማጣሪያው ክዳን ግን ተቀይሯል» አለ ሜርል ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ። «ፋብሪካ እንደወጣ አይደለም።»

«እሺ ጌታዬ» አለ ሻጩ። «ልብ ብያለሁ።»

አርዲስ በራሷ ስም አዘዘች። ስልኩ ሲዘጋ ሜርል ወጣና ትናንት ያጨደውን ሣር ደግሞ አጨደ። አርዲስ ለቀሩት ሁለቱ የድንች ሰላጣ ትበላላችሁ ወይ አለቻቸው። በሉ። ምን ያድርጉ።

ዕቃው የመጣ ዕለት ለሥራው ክሪኩን ሳነሳ ሎይድ ብቻውን ጋራዤ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። እንዲያው ለማወቅ ያህል፣ አለኝ፣ ያ ለስላሳው ዓይነት ስድስት መቶ ፈረስ ላለው ሰው ይሆን ነበር?

«ጋሽ ሎይድ» አልኩት፣ «ስድስት መቶው በእውነት ስንት ይሆናሉ?»

ጫማውን አየ። ከዚያ፣ ግራ እግሩን ክፉኛ እንደሚያመው፣ በየዓመቱ የሽርሽሩ ቀን ማታ በበረዶ እንደሚይዘው፣ ለሚስቱ እንኳ እንዳልነገራት ነገረኝ። አዘዝኩለት። በማግስቱ ግሌን መጣ፤ እሱ ግን የሚፈልገው ለአንድ የሚያውቀው ሰው ነው። የሚያውቀው ሰው መኪና ከግሌን መኪና ጋር በዓመትም በቀለምም አንድ ነበር። ለሰውየው አዘንኩለት። ያን ወር የከተማችን ወንዶች ግራ እግር በጅምላ ታመመ፤ ሁሉም በምስጢር፣ ሁሉም በጓሮ በር።

የሜርልን ፍሪሲዮን ሳወርድ እሱ ከላዬ ቆሞ ያይ ነበር። አሮጌው ሸራ እንደተቃጠለ ዳቦ ጠቁሮ ነበር። አሳየሁት፤ ይህ ጉልበት አይደለም፣ እግር ማሳረፍ ነው አልኩት። ለአንድ አፍታ የሚያምን መሰለኝ። ቀጥሎ ከባዱን ቮላኖ በሁለት እጁ ተቀብሎኝ ሚዛኑን ሞከረና «ከባድ ነው» አለ፤ ፊቱ ላይ የድሮው ብርሃን ሲመለስ አየሁት። ምን እያሰበ እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

በሽርሽሩ ቀን ገባኝ።

አርዲስ ፀጉሯን በጨርቅ አስራ መሪው ላይ ተቀመጠች። ሜርል ከጎኗ፣ እኔ ከኋላ ከበረዶ ሣጥኑ ጋር። ከግቢው ስትወጣ ፔዳሉን ለቀቀችው፤ መኪናዋ እንደ ጀልባ ተነሳች። መሪውን ጨብጠው የነጡት የአርዲስ ጣቶች ወደ ሰው መልክ ተመለሱ።

ጎዳናው ጢም ብሎ ነበር። አሥር እርምጃ ሄዶ መቆም፣ አሥር እርምጃ ሄዶ መቆም። ሕዝቡ ወንበር ላይ፣ ሙቀቱ አስፋልት ላይ፣ የቋሊማው ሽታ ሁሉም ላይ። በቆምን ቁጥር ሜርል ክንዱን በመስኮት አውጥቶ ያገኘውን ሰው ይዞ ይናገር ጀመር። ተራራ የሚያወርድ ጉልበት ስላላት ነው፣ ይላል፣ ልዩ ፍሪሲዮን ያሠራሁላት፤ በትእዛዝ ነው፤ አምስት መቶ ሃምሳውን ይዞ ለባለቤቴ እግር ግን እንደ ቅቤ እንዲሆን፤ እሷን ያማታል፣ ምን ላድርግ፤ ቮላኖው ብቻ ክብደቱን ብታየው። ሰዎቹ አርዲስን በሐዘኔታ አይተው ሜርልን በአድናቆት ያያሉ። አንዷ ሴት ምን ዓይነት ባል ነው አለች። ውሸቱን አላጣውም፤ የአርዲስን እግር ጨምሮ አደሰው።

አርዲስ ወደ ፊት ብቻ ታይ ነበር። መልስ ትሰጠዋለች ብዬ ጠበቅኩ። በስልኩ ቀን ያደረገችውን ልትደግም ትችላለች፤ ሞተሩን አውቃለሁ፣ ሁለት መቶ ሃምሳ ነው ብላ በመስኮት ልትጮህ ትችላለች። አላደረገችም። ባንኩ አጠገብ ካለው መብራት ደርሰን ቀይ ያዘን። ከኋላችን ግሌን ነበር፤ በአዲሱ፣ በሚያውቀው ሰው ፍሪሲዮን።

መንገድ ዳር ያለ አንድ ሰው ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን ማየት ይቻላል ወይ ብሎ ጮኸ። ሜርል ሌላ ምን ይፈልጋል። በሩን ከፍቶ ወረደ፤ መጀመሪያ ግን የአየር ማጣሪያውን ክዳን ታሪክ ሊነግረው ወደ ሰውየው ወንበር ሄደ። ሰው ተሰበሰበ። ሜርል በእጆቹ ቮላኖውን በአየር ላይ ይሥል ነበር።

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ።

አርዲስ በመስታወቱ ግሌንን አየች። ቀኝ እጇን ዘርግታ ሜርል ክፍቱን የተወውን በር ሳበችና ዘጋችው። ፔዳሉን ረገጠች፣ ካምቢዮ አስገባች፣ ለቀቀች። መኪናዋ አልዘለለችም፣ አልጠፋችም፣ አልተንፈራገጠችም፤ እንደ ውኃ ሄደች።

«አክስቴ፣ አጎቴ ቀረ» አልኳት።

«ታሪኩን ይጨርስ» አለች። «ያለኔ ይጣፍጥለታል።»

ሌሎቹ ሁሉ ከጎዳናው ጫፍ ዞረው ይመለሳሉ። እሷ አልዞረችም። የመጨረሻውን ነዳጅ ማደያ አልፋ፣ የበቆሎ ማሳ በግራና በቀኝ ወደሚጀምርበት ባዶ መንገድ ገባች። ሁለተኛ። ሦስተኛ። እዚያ ላይ ቤንዚኑን እስከ መጨረሻው ረገጠችው፤ ያረጁት ሁለት መቶ ሃምሳ ፈረሶች ተነሱ፤ ጀርባዬ ከወንበሩ ተጣበቀ፤ የበረዶ ሣጥኑ እግሬ ላይ ወደቀ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይጮህ ነበር። ሜርል እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

«ይንሸራተታል?» አለችኝ፣ የሞተሩን ድምፅ ለማሸነፍ ጮክ ብላ።

ጆሮዬን ሰጥቼ አዳመጥኩ። «አይንሸራተትም» አልኳት።

አራተኛ አስገባች።